ከጡረታ በኋላ የወጣትነትን ዘመን በንቃት መቃኘት፦ በአርባ ምንጭና በጋሞ ደጋ ለሚኖሩ ጡረተኞች የተዘጋጀ መመሪያ

በኢትዮጵያ የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ በመደበኛነት ከሥራ የሚሰናበተው 60 ዓመት ሲሞላው ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ስለ አበሉ አሰላልና አከፋፈል የሚያስረዳ ባለሙያ በየከተማው አይጠፋም፤ ከአበሉ ጋር አብሮ የሚመጣው ሰፊ ጊዜ በምን እንደሚሞላ ግን የሚያስረዳ እምብዛም አይገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለዚያ ጊዜ ነው። የሚመለከተውም ዕድሜውን በክፍል ውስጥ በማስተማር፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በእርሻ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በሸማ ጉድጓድ ያሳለፈውንና ዛሬ በሲቀላ፣ በሴቻ፣ በላንቴ፣ በጨንቻ ወይም በዲታ ተቀምጦ ያለፈው ዘመን ሳይጠራ የሚመጣበትን ሰው ነው።

ያለፈው ዘመን ሳይጠራ መምጣቱ በሽታም ድካምም አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ አረጋውያን ስለ ወጣትነታቸው ደጋግመው ማውራታቸው እንደ መጃጀት ይቆጠር የነበረበትን አመለካከት ተቃውሞ፣ ሰው ወደ ዕድሜው ማምሻ ሲቃረብ የኖረውን መልሶ የማየትና የማስታረቅ ተፈጥሯዊ ሥራ እንደሚሠራ አስረድቷል። ይህን ሥራ «የሕይወት ክለሳ» ብሎ መጥራት ይቻላል። ክለሳው በራሱ ጊዜ መምጣቱ ግን በራሱ ጊዜ ይቃናል ማለት አይደለም፤ ያለ ሥርዓት ሲተው አንዱን ወደ ጸጸት፣ ሌላውን «የኛ ዘመን» እያሉ የዛሬውን ወደ መናቅ ይወስዳል። የዚህ መመሪያ አቋም ጡረተኛው ለወጣትነቱ ምስክር እንጂ ዳኛ መሆን አይገባውም የሚል ነው። ምስክር ያየውን በቦታውና በጊዜው ይናገራል፤ ፍርዱ፣ ካስፈለገ፣ በኋላ ይመጣል።

ቀዳሚው እርምጃ ከትዝታው ሳይሆን ከዛሬው ቀን ይጀምራል። ንቁ ትኩረት የሚባለው አእምሮ ወደ አለፈውም ወደሚመጣውም ሳይሮጥ፣ አሁን በሚታየው፣ በሚሰማውና በሚዳሰሰው ነገር ላይ ሆን ተብሎና ሳይፈርዱ የሚያርፍበት ልምድ ሲሆን፣ ጆን ካባት ዚን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በማሳቹሴትስ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሲያስተምረው ቆይቶ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተ ነው። የመነጨው ከቡድሃ እምነት ልማድ ቢሆንም የሚሠራበት ሰው እምነቱን እንዲለውጥ አይጠይቅም፤ የአርምሞን ትርጉም ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊም ባዕድ አይደለም። ጸሎት የሚያደርስ ጡረተኛ ጸሎቱን በዚህ ሊተካው አይገባም፤ ከጸሎቱ በፊት ወይም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምርበት በቂ ነው።

ለዚህ ልምምድ የአርባ ምንጭ መልክዓ ምድር የተመቸ ነው። አንባቢው ከሴቻ ዳርቻ ሁለቱ ሐይቆች የሚታዩበትን አንድ ቦታ ይምረጡና ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ይቀመጡ። በስምጥ ሸለቆው ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ትልቁ የሆነው አባያ ከደጋው በጎርፍ የሚወርደውን ደለል ስለሚቀበል ውኃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ከፍታ ተጋድሟል። ዓይንን በሁሉም ላይ ከማንከራተት ይልቅ አንድ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ከታች ያለው ደን አልቆ ውኃው በሚጀምርበት መስመር ላይ አሳርፈው፣ አየር ሲገባና ሲወጣ እየተከታተሉ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩ። በዚህ መካከል ትዝታ መምጣቱ አይቀርም። ሲመጣ ሊያባርሩት ወይም ሊከተሉት አይገባም፤ «የትምህርት ቤት ነው»፣ «የእናቴ ነው»፣ «የዘመቻ ነው» ብለው በውስጣቸው ስም ሰጥተውት ዓይናቸውን ወደ መስመሩ ይመልሱ። ከተነሡ በኋላ ብቻ በማስታወሻ ደብተር አንድ መስመር ይጻፉ። ይህ ቀላል ልማድ ሳምንታት ሲሠራበት ትዝታውና ባለትዝታው እየተለያዩ ስለሚታዩ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ሥራ ያለ ፍርሃት ይሠራል።

የቦታውና የሰዓቱ ነገር እንደየሰፈሩ ይለያያል። መኖሪያቸው ሲቀላ የሆነና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት በእግር መውጣት የለባቸውም፤ በባጃጅ ቢወጡ ከልምምዱ የሚጎድል ነገር የለም። በጨንቻና በዶርዜ ማለዳው ቅዝቃዜና ጉም ስለሚበዛበት ረፋዱ ይሻላል። በቆላው ግን የማታው ሰዓት የወባ ትንኝ የሚበዛበት በመሆኑ ከቤት ውጭ ለረጅም ጊዜ ለመቀመጥ አይመረጥም።

ሁለተኛው እርምጃ የዓመታት ሰሌዳ ማዘጋጀት ነው። ለዚህ ተራ ደብተር ይበቃል፤ ገጹ በሦስት ዓምድ ተከፍሎ በመጀመሪያው ዓመተ ምሕረቱ፣ በሁለተኛው ዕድሜ፣ በሦስተኛው የኖሩበት ቦታ ይሰፍራል። ብዙ የደጋው ሰው የልደቱን ቀን በእርግጠኝነት ስለማያውቅና በመሥሪያ ቤት ማኅደር የተመዘገበው ዓመትም አንዳንዴ በግምት የተጻፈ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን ከልደት ከመጀመር ይልቅ ዓመታቸው ከሚታወቅ የአገር ክንውኖች መጀመር ይሻላል። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው፤ አብዮቱ የፈነዳውም የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመውም በ1966 ነው፤ የእድገት በህብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ተጀመረ፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ታወጀ፤ ታላቁ ድርቅ በ1977 አገሪቱን መታ፤ በኋላ በ1996 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ተከፈተ፤ በ1983 መንግሥት ተለወጠ። በ1950 ገደማ የተወለደ ሰው ለእድገት በህብረት ዘመቻ የደረሰ ሲሆን፣ በ1958 ገደማ የተወለደውና ገና ጡረታ የወጣው ደግሞ ወጣትነቱን በድርቁና በብሔራዊ ውትድርና ዘመን ያሳለፈ ነው። የሁለቱ ወጣትነት በአንድ ከተማ ቢያልፍም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰሌዳው ይህን ለባለቤቱም ለልጆቹም ግልጽ ያደርጋል።

ሰሌዳው ሲሞላ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያሉት ረድፎች በጽሑፍ ሲጨናነቁ ከ40 በኋላ ያሉት ሳስተው ይቀራሉ። ይህ የአንድ ሰው ጠባይ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «የትዝታ ጉብታ» በሚል መጠሪያ የሚገልጹት፣ በመካከለኛና ከዚያ በላይ ባለ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሰዎች ሲጠየቁ ከሁሉ ይልቅ የጉርምስናና የወጣትነት ዘመናቸውን አብዝተው የማስታወሳቸው ክስተት ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው በዚያ ዕድሜ አብዛኛው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረግ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ የመጀመሪያው ከአገር መውጣት፣ የመጀመሪያው ፍቅርና የመጀመሪያው ቀብር በልብ ላይ የሚተዉት ምልክት ከተደጋገመ ነገር ይበልጣል። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል አይደለም፤ የወጣትነት ዘመን አብዝቶ መታወሱ ከዛሬው ዘመን የተሻለ ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሳሱት ረድፎችም ባዶ ስላልሆኑ ጡረተኛው የትዳር ጓደኛቸውን፣ ልጆቻቸውንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን እየጠየቁ ሊሞሏቸው ይገባል።

ሦስተኛው እርምጃ ወደ ቦታው መሄድና ነገሩን በእጅ መንካት ነው። ሰሌዳ ዓመትን ያስተካክላል እንጂ ሽታን፣ ድምፅንና ክብደትን አያመጣም። በዶርዜ ተወልደው በቆላ ያረጁ ሰው ወደ ትውልድ ሰፈራቸው ሲወጡ ከቀርከሃ የተሠራው ቤት ከሚያስታውሱት በጣም ዝቅ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ወዲያውም «ልጅ ስለነበርኩ ነው ትልቅ የመሰለኝ» ይላሉ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የዶርዜ ቤት ከሥሩ በምስጥ ሲበላ ግድግዳው ከታች እየተቆረጠ ስለሚሄድ ከዓመት ዓመት በእርግጥ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ሙሉውን አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ስለዚህ ትዝታው ከፊሉ የልጅ ዓይን፣ ከፊሉ እውነተኛ መለኪያ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቆሞ፣ በሩን ለክቶ፣ በሰፈሩ የቀረውን እኩያ ጠይቆ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥልቀት ያለው ግን የእጅ ትውስታ ነው። የእጅ ትውስታ ሲባል ሰው በቃል ማስረዳት ባይችል እንኳ አካሉ ተለማምዶ ያስቀረው ችሎታ ማለት ነው። በጋሞ ደጋ ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ብዙ ወንድ ልጅም ሙያውን ገና በልጅነቱ ተምሮ ጎልማሳ ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ ተሰድዶ ኖሯል። በወጣትነታቸው ሸምነው በኋላ በመምህርነት ጡረታ የወጡ ሰው የሸማ ሥራን እንዲገልጹ ቢጠየቁ ምናልባት በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ከሸማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ታች ሲሰዱ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የቀኝ እግር መርገጫውን ሲጫን ድሩ ለሁለት ይከፈታል፣ በተከፈተው መካከል መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ ያልፋል፣ ወዲያው መምቻው ወደ ደረት ተስቦ ማጉን ያጠብቀዋል፣ ከዚያ እግር ይቀየርና መወርወሪያው ይመለሳል። በዚህ ምልልስ ውስጥ ክር ሲበጠስ ጣት ሳያስብ የሚቋጥርበት አኳኋን፣ አባት ከኋላ ቆሞ ምቱ ሲዛባ የሚናገረው ቃል፣ የዱንጉዛው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ፈትል በየተራ የሚገባበት አቆጣጠር አንድ በአንድ ይመለሳል። ጡረተኛው በዚያ ሰዓት መጻፍ አያስፈልጋቸውም፤ ከጉድጓዱ ወጥተው በዚያው ቀን ቢጽፉት ይበቃል። ሙያው የተለየ ለሆነ ሰውም መንገዱ ያው ነው፤ የእንሰት መፋቂያው፣ የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ፣ የጫሞ ዓሣ አጥማጅ መረብ፣ ሃለኮ የሚቀቀልበት ድስት ሁሉም የየራሱን ዘመን ይዟል።

አራተኛው እርምጃ ትዝታውን ከአፍ ወደ ጽሑፍ ወይም ወደ ድምፅ ማሻገር ነው። አንዳንዱ ጡረተኛ የሕይወት ታሪክ የታላላቅ ሰዎች ብቻ ስለሚመስለው፣ ሌላው ደግሞ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ከዚህ ያፈገፍጋል። ሁለቱም ምክንያት አይሆንም። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ምሁር ጁዲት ኦልምስቴድ በጋሞ ደጋ ባደረገችው ጥናት የአካባቢው መሪ የነበሩትን የወይዘሮ ጪማቴ ጩምባሎን ሕይወት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1997 በመጽሐፍ አሳትማለች፤ ዛሬ ስለዚያ ዘመን የጋሞ ሴት ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የአንዲት የገጠር ሴትን ሕይወት በቅርብ የሚያሳይ ጽሑፍ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ያንን ለማድረግ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተመራማሪ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የልጅ ልጅ የያዘው ስልክ ድምፅ ይቀዳል።

ቀረጻው ግን ሥርዓት ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጉዳይ በላይ ባይነሣ መልካም ነው፤ «ስለ ወጣትነትህ ንገረኝ» ከሚል ሰፊ ጥያቄ ይልቅ «ጨንቻ ገበያ ስትሄዱ ማን ምን ይሸከም ነበር?» የሚል ጠባብ ጥያቄ ብዙ ያወጣል። ባለታሪኩ በጋሞኛ አፋቸውን የፈቱ ከሆነ በጋሞኛ ይናገሩ፤ ትርጉሙ በኋላ ሊሠራ ይችላል፣ በአማርኛ ሲነገር የሚጠፋው የቀልዱ፣ የሙሾውና የምርቃቱ ለዛ ግን ተመልሶ አይገኝም። በየቀረጻው መጀመሪያ ላይ ቀኑ፣ ቦታውና የተናጋሪው ስም በድምፅ ይነገር። ራሳቸው ያዩትንና ከሌላ የሰሙትን ለይተው መናገርም የምስክርነት ወጉ ነው።

አምስተኛው እርምጃ ከሁሉም ይከብዳል፤ በመሆኑም ለብቻ ሊወሰድ አይገባውም። የዛሬ ጡረተኞች ወጣትነት ጨዋታና ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ የቀይ ሽብርን ዓመታት፣ በግዴታ ለውትድርና መሄድን፣ ረሃብን፣ የወንድምን አለመመለስ ያየ ትውልድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ፔነቤከርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ስሜታቸውን ጨምረው የጻፉ ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ወደ ሐኪም የሄዱት ስለ ተራ ጉዳይ ከጻፉት ባነሰ ቁጥር ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር መውሰድ ይቻላል፤ መጻፉ ይጠቅማል፣ ደግሞም ልክ አለው። ጡረተኛው ስለ ከባድ ነገር ሲጽፉ ጊዜ ወስነው ይጻፉ፤ ሲጨርሱ ደብተሩን ዘግተው ወደ ሰው፣ ወደ ቡና፣ ወደ ጓሮ ሥራ ይሂዱ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ አልበላ ካለ፣ መኖር ከንቱ ነው የሚል ሐሳብ ከተመላለሰ ግን ሥራው ወዲያው ይቁምና ወደ ጤና ተቋም ይኬድ፤ ይህ ትዝታ ሳይሆን ሕክምና የሚፈልግ ጭንቀት ነው።

ትዝታው ሌላውን የበደሉበትን ነገር ካመጣም የጋሞ ባህል የራሱ መንገድ አለው። ጎሜ የሚባለው ወግን መተላለፍና በደልን መሰወር በሰው፣ በከብትና በእህል ላይ መከራ ያመጣል የሚል እምነት ሲሆን፣ መፍትሔውም ጥፋትን በግልጽ መናገርና መታረቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው አደባባይ ዱቡሻ ይባላል፤ በዱቡሻ ላይ ተናጋሪ ተነሥቶ የሚለውን ሁሉ ይላል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ነገሩ ተጣርቶ ሳያልቅ ፍርድ አይሰጥም። መስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ አደባባይ ሲወጡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበርክከው ለበቀል እንዳይነሡ የለመኑት ከዚሁ ወግ ተነሥተው ነው። ያ የሽማግሌዎቹ ሥልጣን የተገኘው ከዕድሜ ብቻ ሳይሆን ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሣሩ ምን እንደሚል ከታላላቆቹ ተነግሮት ስለነበረ ነው። ስለሆነም ጡረተኛው በወጣትነታቸው ያስቀየሙት ሰው በሕይወት ካለ፣ ደብተር ላይ መጸጸታቸው ስለማይበቃ፣ አንድ የሚከበሩ ሽማግሌ አስከትለው ይሂዱ። ሰውየው ካረፉ ለልጆቻቸው ይነገር።

ስድስተኛውና የመጨረሻው እርምጃ የተሰበሰበውን ለሌሎች ማካፈል ነው። ለዚህ ከመስቀል የተሻለ ጊዜ የለም፤ ጋሞዎች ዮ ማስቃላ የሚሉት በዓል ሲደርስ በአዲስ አበባና በሌላው አገር ተበትኖ የሚኖረው ሸማኔና ነጋዴ ወደ ደጋው ስለሚመለስ፣ አንድ ላይ የዘመቱ፣ የሸመኑ፣ የተማሩ እኩዮች በአንድ ቤት ይገናኛሉ። ሰሌዳውን ይዞ መቅረብና ያልተስማሙበትን ዓመት አንሥቶ መከራከር፣ ቆጮው በዳጣ እስኪበላ ድረስ እንኳ ቢሆን፣ ብዙ ያስተካክላል። ወጣቶች ባሉበት ሲነገር «በኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» የሚለው ንግግር ይቅር፤ ሰሚውን ከሳሽ ፊት እንደ ቆመ ተከሳሽ ያደርገዋልና። ይልቅ ያኔ የተፈራው፣ ያልታወቀውና የተሳሳተው ሳይደበቅ ቢነገር የ20 ዓመት ወጣት ራሱን ያገኝበታል፤ የሚጠይቀውም ጥያቄ ይበዛል። በሕይወት ያሉ ሰዎች ስምና ምስጢር ግን ያለ ፈቃዳቸው በቀረጻም በጽሑፍም አይግባ።

በሥራው መጨረሻ የፎቶግራፍ ጉዳይ ይቀራል። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያሉት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አብዛኞቹ በጀርባቸው ምንም አልተጻፈባቸውም፤ የሚያውቃቸው ሰው ሲያርፍ በውስጣቸው ያሉት ሁሉ ስም አልባ ይሆናሉ። ጡረተኛው በሳምንት ጥቂት ፎቶ እያወጡ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ቀለም ወደ ፊት እንዳይወጣ ሳይጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ይጻፉ፤ ስሙ የጠፋባቸውን ሰው ቦታ ክፍት ትተው ለእኩያቸው ያሳዩ። ምስጥና እርጥበት እንዳይደርስበት ሳጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የፎቶዎቹና የደብተሩ ቅጂ በስልክ ተነሥቶ አንዱ በአርባ ምንጭ ላለ ልጅ፣ ሌላው ከከተማው ውጭ ለሚኖር ዘመድ ይሰጥ።